ሲጋልብ ያፏጫል፣ ሲቆም ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ የፈረስ ብርታት በምን ይታወቃል?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂያችን አንድ ዳማ ፈረስ ከበቆጂ አካባቢ ገዝቶ ካወረደ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ለጥር ጉግስ እያዘጋጀው ነው፤ ጠዋት ጠዋት በወንጂ በኩል ያስጋልበዋል። እንዲህ ይላል፦ «ከግልቢያ ሲቆም ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ሽንጡ ሲመታ ከሩቅ ይታያል። አንድ ቀን ብቆጥረው በደቂቃ 90 ደረሰብኝ። አንዳንዴ ደግሞ ሲጋልብ ከጉሮሮው የማፏጨት ድምፅ ይሰማኛል። አጎቴ ‹ሳንባው ገና አልተከፈተም፣ ደጋግመህ አስጋልበው ይከፈታል› ይሉኛል። ላብ ላይ እያለ ውሃ እንዳልሰጠውም ከልክለውኛል። ይሄ ነገር ጤና ነው? ብርታቱንስ በምን ልወቅ?»

ወንድሜ፣ አጎትህ ፈረስ በማሳደግ ከእኔ ይበልጡ ይሆናል፤ ምክራቸውን አትናቅ። በሁለት ነገር ግን አልስማማም፤ በሳንባውና በውሃው።

ዋናውን ላስቀድም። የፈረስ ብርታት እየሮጠ ባለው ትንፋሽ አይለካም። የሚለካው ከቆመ በኋላ የልብ ምቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ በማየት ነው። ትንፋሹ የሚናገረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሰውነቱ ሙቀትና ስለ አየር መንገዱ ጤና። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ከዚያ ደህናውን ፈረስ «ደከመ» ብሎ ያስቀምጣል፣ የታመመውን «ሰነፍ ነው» ብሎ ይገርፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረስ በደንገላሳ ወይም ሽምጥ ሲጋልብ ትንፋሹ ከእግሩ ጋር ይታሰራል። አራቱም እግሮቹ አንድ ዙር ሲጨርሱ አንዴ ይተነፍሳል። የፊት እግሮቹ ወደፊት ሲዘረጉ አየር ያስገባል። መሬት ረግጠው ክብደቱን ሲሸከሙ ያስወጣል። ስለዚህ ሙሉ ፍጥነት ላይ ያለ ፈረስ በደቂቃ ከ110 እስከ 140 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ብርቱውም ያው ነው፣ ደካማውም ያው ነው። በሽምጥ ላይ ትንፋሽ ቆጠርኩ ያለ ሰው የቆጠረው እርምጃ ነው። በሶምሶማና በዝግታ ሲሄድ ይህ እስር ይላላል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም። እኛ ሲደክመን አፋችንን እንከፍታለን፣ ውሻም እንደዚሁ። የፈረስ ለስላሳው ላንቃ ግን ከማንቁርቱ ሥር ገጥሞ የአፉን መንገድ ይዘጋዋል። ያለው በር አፍንጫው ብቻ ነው። አንድ ትልቅ የውድድር ፈረስ ቆሞ ሳለ በደቂቃ 60 ሊትር ገደማ አየር ያስገባል። በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ከ1,500 ሊትር ይበልጣል። ያንተ ዳማ በክብደት የዚያን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ቁጥሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቢሆንም ያ ሁሉ አየር የሚያልፈው በሁለት የአፍንጫ ቀዳዳና በአንዲት ጠባብ ማንቁርት ነው። በእረፍት ጊዜ የማይታወቅ ትንሽ ጥበት ሲጋልብ ጉድ የሚያፈላው ለዚህ ነው። ወደ ማፏጨቱ እመለስበታለሁ።

አሁን የአጎትህን «አልተከፈተም» እንየው። ልምምድ ልብን ያጠነክራል። ደምን ያበዛል። በጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ይጨምራል። ሳንባን ግን እምብዛም አይለውጠውም። እንዲያውም በጣም በሠለጠኑ የውድድር ፈረሶች ላይ ቀድሞ «በቃኝ» የሚለው ሳንባው ነው። ልባቸው ደሙን እጅግ አፍጥኖ ስለሚያሳልፈው ደሙ ኦክስጅን ሳይጠግብ ከሳንባ ይወጣል። ስለዚህ በግልቢያ ብዛት የሚከፈት ሳንባ የለም። ሳንባው ከታመመ ደግሞ ግልቢያ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ምናልባት አጎትህ ያዩት እውነት ሌላ ይሆናል። ፈረስ በጣፊያው ውስጥ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ያከማቻል። ሩጫ ሲጀምር ጣፊያው ይጨመቅና ክምችቱን ወደ ደም ሥር ይለቃል። በእረፍት ከደሙ 40 በመቶ ገደማ የነበረው የቀይ ሕዋስ ድርሻ ያኔ 60 በመቶ ይደርሳል። በሶምሶማ ደህና አድርጎ የሞቀ ፈረስና ከጋጣው ወጥቶ በቀጥታ የተጋለበ ፈረስ የሚለያዩት በከፊል በዚህ ነው። የድሮ ፈረሰኞች «ተከፈተ» የሚሉት ይህን ከሆነ ትክክል ናቸው። የሚከፈተው ግን ጠዋት በ10 እና 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ ነው።

ወደ ልኬቱ እንግባ። መጀመሪያ የእረፍት ቁጥሩን እወቅ። በጠዋት፣ ከመጫንህ በፊት፣ ግርግር ሳይነሳ ጋጣው ግባ። ከጎኑ ቁም። ከታችኛው መንጋጋ አጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሁለት ጣትህን አሳርፍ። ከቆዳው ሥር ወዲያ ወዲህ የምትንሸራተት ቀጭን ቱቦ ታገኛለህ። እርሷ ደም ወሳጅ ናት። አጥንቱ ላይ ለቀቅ አድርገህ ተጫናት። አውራ ጣትህን ግን አታስጠጋ፤ የራስህን ምት ትቆጥራለህ። አንዴ ትመታለች፣ ከዚያ ዝም። «ጠፋችብኝ» ልትል ስትል ደግሞ ትመታለች። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የፈረስ ልብ በእረፍት ዝግተኛ ነው፤ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ብቻ ይመታል። 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛው። ማዳመጫ ካለህ ከግራ ክርኑ ጀርባ አድርገህ ስማ። «ዱብ-ደብ» የሚሉት ሁለቱ ድምፆች አንድ ምት መሆናቸውን አትርሳ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳትና «ፈረሴ 80 መታ» እያለ ይደነግጣል።

ትንፋሹን ለመቁጠር እጅህን አፍንጫው ሥር አታድርግ። ያሸትሃል፤ ማሽተት ከጀመረ ቁጥሩ ተበላሸ። ራቅ ብለህ ከኋላ በማዕዘን ቁምና ሽንጡን ተመልከት። ወጣ ገባ ሲል አንድ። ጤነኛ ፈረስ በእረፍት ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ አንዳንዴም እስክትጠራጠር ድረስ ዝም ይላል። ሙቀቱን በፊንጢጣው በቴርሞሜትር ለካ፤ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ጤና ነው። ሦስቱን ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ ጻፍ። ከዚያ በኋላ የመጽሐፍ ቁጥር አያስፈልግህም፤ የራሱ አለህ። አንድ ቀን ጠዋት የልብ ምቱ ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከፍ ካለ የዚያን ቀን አትጫነው። ወይ አሞታል፣ ወይ ሊያመው ነው፣ ወይ የትናንቱ ድካም አልለቀቀውም።

ቀጥሎ የግልቢያው ልኬት። በሶምሶማ የፈረስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 140 አካባቢ ይመታል። በሽምጥ 180ን ያልፋል፤ ጣሪያው ከ210 እስከ 240 ነው። ይህን በእጅ አትይዘውም። ወርደህ ጣትህን እስክታሳርፍ ድረስ ቁጥሩ ወድቋል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ በጣም ፈጥኖ ይወርዳልና። ስለዚህ ለመያዝ አትሽቀዳደም። ወዲያው እንደወረድክ በዝግታ አስኪደው፣ ከዚያ በ5ኛው፣ በ10ኛውና በ15ኛው ደቂቃ ቁጠር። ሥራው የሚመጥነው ፈረስ በ10 እና 15 ደቂቃ ውስጥ ከ64 በታች ይገባል። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የረጅም ርቀት ውድድር ፈረሱ በየማረፊያው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚፈተነው በዚሁ በ64 ነው። ያልወረደለት ከውድድሩ ይወጣል። ያንተ ፈረስ ያን ያህል ርቀት አይሄድም፤ እንግዲያው ሰበብ የለውም።

እነዚያው የረጅም ርቀት ሐኪሞች የሚወዷት አንዲት ፈተና አለች። እኔም እወዳታለሁ፤ መሣሪያ አትፈልግም። ፈረሱ አርፎ ልቡ 60 አካባቢ ሲደርስ ቁጠር። ወዲያው ልጓሙን ይዘህ 40 ሜትር ያህል በሶምሶማ ወስደህ መልሰው። መሮጥ ከጀመረ ልክ አንድ ደቂቃ ሲሞላ እንደገና ቁጠር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ጉልበት ተርፎታል። በ4 ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ተሟጧል። ወይም የሚያመው ነገር አለ። አንካሳ የሚያደርግ ትንሽ ሕመምም ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል።

አሁን ወደ 90ው። ደነገጥህ፣ ግን ብቻውን አያስደነግጥም። ጡንቻ ካቃጠለው ኃይል ለእንቅስቃሴ የሚውለው ከአራት አንዱ ቢሆን ነው፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል። ፈረስ ያን ሙቀት በዋናነት በላብ ያወጣዋል፤ ትንፋሹም ያግዛል። በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ሯጮቹ ከዚያ የወጡት በከንቱ አይደለም። አዳማ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። አየሩ ወፍራም ነው፣ ኦክስጅኑ ይበዛል፤ በዚህ በኩል ፈረስህ ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። የተጎዳው በሙቀቱ ነው። ፈረስ ሙቀት ለመልመድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ያንተ ሁለት ወር ሊሞላው ስለሆነ «አገሩ አልተስማማውም» የሚለው ምክንያት እያረጀ ነው።

ስለዚህ ሲቆም 90 ከተነፈሰ ወዲያው የልቡን ምትና ሙቀቱን ተመልከት። ልቡ ወደ 60 እየወረደ፣ ቴርሞሜትሩ 39.5 አሳይቶ እየቀነሰ ከሆነ ፈረሱ ሙቀት እያስወጣ ነው። ተወው፤ ጥላ ሥር አስኪደው፣ ውሃ አፍስስበት። ልቡም ትንፋሹም አብረው አልወርድ ካሉ ግን ሌላ ነገር ነው። 40 ካለፈ ማቀዝቀዝ ጀምር። 41 ከደረሰ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሐኪም እየጠራህ ውሃ አፍስስ። ላቡ በድንገት ከደረቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከልቡ ምት ጋር እኩል ሽንጡ እየዘለለ እንደ ስቅታ ካደረገው ሐኪም እስኪመጣ ከቦታው አታንቀሳቅሰው። ያ ስቅታ ብዙ ላብ ሲወጣ የሚመጣ የማዕድን መዛባት ነው።

«ላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ምች ያስመታዋል» የሚባለውን አውቃለሁ። በብዙ ቤት ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር በሙቅና እርጥብ አየር ውስጥ ሲካሄድ ፈረሶቹ የዳኑት በቀዝቃዛ ውሃ ነው። መላ ሰውነቱ ላይ ሳታቋርጥ አፍስስበት። አንዴ አፍስሰህ አትተወው፤ ውሃው ይሞቃልና። መጠጡም እንዲሁ ነው። የሞቀ ፈረስ መጠጣት አለበት። እያስኬድከው በየጥቂት ደቂቃው ይጎንጭ። የፈረስ ላብ ከእኛ ይልቅ ጨዋማ ነው፤ አንገቱ ላይና ከኮርቻው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ሲደርቅ የምታየው ለዚህ ነው። አሞሌ ቁራጭ በግርግሙ ላይ ይኑር፣ ወይም ከገብሱ ጋር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አድርግለት። የአዳማ ነፋስ እዚህ ላይ ባለውለታህ ነው፤ ላቡን ያደርቅልሃል። በአቧራው ግን መልሶ ይከፍልሃል።

አቧራውን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ወደ ድምፁ እንምጣ፤ ከጥያቄህ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ይህኛው ነው። መጀመሪያ ለይልኝ፤ የሚያፏጨው አየር ሲያስገባ ነው ወይስ ሲያስወጣ? በደንገላሳ ላይ ቀላል ነው፤ የፊት እግሩ መሬት ሲመታ የሚሰማው የመውጫ ድምፅ ነው። ሲያስወጣ ብቻ አፍንጫው እየተርገበገበ «ፍርርር» የሚል ከሆነ የአንዳንድ ፈረስ ልማድ ነው፤ ተወው። ሲያስወጣ እንደሚንጎራጎር ውሃ ሆኖ በድንገት ፍጥነቱን ከቀነሰ ላንቃው ከቦታው ተነሥቶ መንገዱን ዘግቶታል። ሲያስገባ እየጠነከረ የሚሄድ ፉጨት ከሆነ ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የግራው ጎን ነው፣ ወደ ማንቁርቱ የሚሄደው ረጅሙ ነርቭ ሲደክም። ይህ በቁመት ትላልቅ በሆኑ የውጭ ፈረሶች ይበዛል፤ በእኛ አጫጭር ፈረሶች ብዙ አይጠበቅም። ስለዚህ ይህን ከመጠርጠርህ በፊት ቀላሉን አጣራ።

ቀላሉ ልጓሙ ነው። ጉግስ ላይ የምንወደው አንገቱን ቀልብሶ አገጩን ወደ ደረቱ የሚያስገባ ፈረስ ነው። ያምራል። ግን አንገቱ ሲታጠፍ ጉሮሮው ይጠባል፣ አየሩም ይጮኻል። አንድ ጠዋት ልጓሙን ለቀቅ አድርገህ፣ አንገቱን እንደፈለገ ዘርግቶ በዚያው ፍጥነት አስጋልበው። ፉጨቱ ከጠፋ ያገኘኸው በሽታ አይደለም፤ የራስህን እጅ ነው። ካልጠፋ ከመንጋጋው ሥር ዳስስ። እብጠት አለ? በአንድ በኩል ብቻ የሚወርድ ንፍጥ? በአፍንጫው ጫፍ ወይም በእግሩ ላይ የተደረደሩ እብጠቶች? የኋለኛው በጋሪ ፈረሶቻችን ላይ የምናየው የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎች ፈረሶች አጠገብ አታሳድረው።

ከዚያ መኖውን አሽትት። ጋጣው ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ ወይም የሚቦን ጭድ ካለ ሳንባውን ይቆጣዋል። የዚህ ምልክቱ እንዲህ ነው፤ በሶምሶማ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስቴ ያስላል፣ አየር ሲያስወጣ በሁለት ጊዜ ይገፋል፣ እየቆየ ከጎድኑ ሥር የጡንቻ መሥመር ያወጣል። መድኃኒት ከመግዛትህ በፊት መኖውን አርጥበው፣ ጋጣውን አየር አስገባለት። በአፍንጫው ደም ካየህ ደግሞ አቁም። በከባድ ሩጫ በሳንባው ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ያለው ግፊት በጣም ይጨምርና ይቀደዳሉ። በብዙ የውድድር ፈረሶች ላይ በውስጥ ይደማል፤ በአፍንጫ የሚወጣው ግን በጥቂቶቹ ብቻ ነው። ያ ሲታይ ሐኪም ሳያይ ግልቢያ የለም።

ትኩሳት ያለው ፈረስ በጭራሽ አይጋለብ። በተለይ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ፣ ትንፋሹ ቆሞም ፈጣን ከሆነ፣ በአፍንጫው አረፋ ከመጣ፣ ያ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። በትንኝ ይተላለፋል፤ በሰዓታት ይገድላል። ክትባት አለው፤ ካላስከተብከው ቶሎ አድርግ። ከጉንፋን ለተነሣ ፈረስም ትኩሳቱ በቆየበት ቀን ሁሉ አንድ ሳምንት እረፍት ስጠው። ሦስት ቀን ካተኮሰው ሦስት ሳምንት።

ስለ ልምምዱ ጥቂት ልበልና ላብቃ። ልቡና ጡንቻው በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ። ጅማቱና አጥንቱ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ ደህና ሲሆን «ደረሰ» ብለህ የምታስጋልበው ፈረስ የሚሰበረው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር ያህል ረጅም ሶምሶማ፣ በለስላሳ የእርሻ መንገድ። ከዚያ አጭር ሽምጥ፣ ልቡ ከ100 በታች እስኪወርድ በዝግታ ማስኬድ፣ እንደገና ሽምጥ። ጉግስም እንዲሁ ፍጥነትና መቆም ነውና ይመስለዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ክብደትህንም አስብ። ፈረሱ 280 ኪሎ ከሆነ አንተና ኮርቻው አብራችሁ 56 ኪሎ ገደማ ብትሆኑ ይመረጥ ነበር፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ነው። የሚሆን አይደለም አይደል? እንግዲያው አንተ ስትከብድ ርቀቱ ይጠር። ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የአዳማን ፀሐይ ታውቃታለህ።

እስከዚያው ይህን አድርግ። ለአንድ ሳምንት ሽምጡን ተወው፤ ሶምሶማ ብቻ። የጠዋቱን ቁጥር ጻፍ። መኖውን አርጥብ። ከዚያ ልጓም ለቀህ አንዴ አስጋልበውና ጓደኛህ በሞተር ሳይክል ጎን ለጎን ሆኖ በስልክ ይቅረጽ፤ ድምፁ ከእግሩ ጋር አብሮ እንዲሰማ። ሲያስገባ የሚያፏጭ ከሆነ ቪዲዮውንና ማስታወሻህን ይዘህ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂድ። በውስጥ መመልከቻ መታየት ካለበት ብዙም በማይርቀው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከዚያ መጠየቅ ይቻላል። ስትቀርጹ ግን ሞተሩ ከነፋሱ በታች በኩል ይሁን፣ ስልኩም በጨርቅ ይሸፈን፤ አለበለዚያ የአዳማን ነፋስ ፉጨት ይዘህልን ትመጣለህ።